የእትዬ ብርቄ ሚዛን

አዘዞ ባለው ጋራዣችን ሞተሩን የፈታሁት ሚኒባስ በማግሥቱ ደባርቅ መውጣት ነበረበት። ሞተሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉት፣ ጣሳ የሚመስሉት አራቱ ፒስተኖች እኩል ካልከበዱ ደግሞ ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። የእኛ ሚዛን ስለተበላሸ፣ ፒስተኖቹን ታቅፌ ጎረቤታችን ምስር ቸርቻሪዋ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድሁ። በእሳቸው ሚዛን ሁለት ሁለቱን እያስተያየሁ የከበደውን በሞረድ እፍቅ ጀመር።

«ምነው ልጄ! እኔ ሚዛን ላይ ይጨመራል እንጂ ይቀነሳል? ገበያተኛው ምን ይለኛል?» አሉ።

ላቤ ጠብ እስኪል ፍቄ ፍቄ፣ በመጨረሻ አራቱም እኩል ሆኑ። በደስታ ልጮህ ስል እትዬ ብርቄ አንድ እፍኝ ምስር ዘግነው ሚዛኑ ላይ ከነበሩት ፒስተኖች በአንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ዝርግፍ። ሳህኑ ዘጭ አለ።

«ኧረ ምን አደረጉ እትዬ?»

«ምርቃት ነዋ! በል የቀሩትንም ገልብጥልኝ፤ እኔ አላዳላም።»