ጋዋን ኪስ ውስጥ የቀረው ካርድ

ወደ ሜራን ሰፈር በሚሄደው ትራም ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ጮክ ብለው ያወራሉ። አንዷ የዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ለእረፍት ዙሪክ ሄዳ መመለሷ ነው።

«ስፓው እንዴት ነበር?»

«ተይኝ! ታሽቼ ወጥቼ፣ ካፌ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ቦርሳዬን ባይ የመኖሪያ ካርዴ የለም።»

«ወይኔ! እሱ ከጠፋማ ማዳም ታባርርሻለች!»

«ስፓ ውስጥ በሰጡኝ ጋዋን ኪስ ረስቼዋለሁ። ሮጬ ስመለስ ጋዋኑ ሊታጠብ ሄዷል።»

«ታጠበ በይኛ!»

«ልብስ አጣቢዋ እንደኛው ናት፣ ኪስ ሳትፈትሽ አታጥብም። ካርዴን አስቀምጣልኝ አገኘሁት። እየደጋገምኩ ሳምኳት።»

«ተመስገን በይ!»

«ከደስታዬ ብዛት የፎጣ ክምሯን አብሬያት አጣጠፍኩ።»

«ለእረፍት ሄደሽ?»

«እጄ አላርፍ አለኛ!»

«ታዲያ የታሸው ወገብሽስ?»

«ተመልሶ ያዘኝ!»

እኔም ቀስ ብዬ የራሴን ኪስ ዳበስኩ።