ከውስጥ የሚከፈት በር

ጓድ መኩሪያ ሥራ አስኪያጃችን፣ የግዥ ኮሚቴ አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን የፋብሪካችን ሠራተኞች፤

ሥራችሁን አቋርጣችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ ብርድ ልብሱም አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በረዶ ቤት አጠገብ ሥጋ ስታሽግ የኖረች ሴት ምን እንደሚያስፈልጋት ያሰበው ሰው ብልህ ነው። ትንሽ ዘገየ እንጂ።

ንግግር አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህችን ወረቀት ለመጻፍ ሁለት እሑድ ፈጅቶብኛል፤ እባካችሁ አስጨርሱኝ።

ከለቡ ጭቃ እየረገጥኩ ስለተመላለስኩበት ዘመን ባወራ ደስ ይላችሁ ነበር። ዛሬ የማወራው ግን ስለምንገዛው ማቀዝቀዣ ነው። ጓድ መኩሪያ፣ ፊትዎ ሲለወጥ ይታየኛል። ይታገሡኝ።

አሮጌው በረዶ ቤት ሊቀየር ነው። ለመምረጥ አምስት ሰው ተሰየምን፤ እኔ በሠራተኛው በኩል ገባሁ። ከቀረቡት ውስጥ ሁለት ቀሩ። አንደኛው ሃያ በሬ በአንዴ ይይዛል፤ ለአሥረኛው የአብዮት በዓልም ይደርሳል። ሁለተኛው የዚያን ግማሽ ይይዛል፤ የሚመጣውም በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር ነው።

ታዲያ ይህ ምን ያከራክራል?

ቴክኒሻናችን አስረስ የአንደኛውን ወረቀት ሲያነብልን አንድ ነገር ጠየቅሁት።

«በሩ ከውስጥ ይከፈታል?»

ወረቀቱን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ።

«እትዬ አሰገደች፣ ከዜሮ በታች አርባ ይደርሳል እኮ።»

«ብርዱን አልጠየቅሁህም ልጄ። በሩን ነው።»

«መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ብቻ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የሁለተኛውን ሲያይ ግን፣ ውስጥ ያለ ሰው በእጁ ገፍቶ ይከፍተዋል አለን።

ጓድ መኩሪያም፣ «የውስጡን መክፈቻ በኋላ እናስገጥማለን፤ በዓሉ እኛን አይጠብቅም» አሉ።

አሮጌውም ሲገባ «በኋላ ይገጠማል» ተብሎ ነበር። እኔ እዚሁ ነበርኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው።

አስረስ ደግሞ «ትልቁ ይሻላል» ይላል። በቀን ከአሥር በሬ በላይ አሽገን እናውቃለን? ለሦስት ሰው ምሳ የድግስ ድስት የሚጥድ ማን ነው?

አዲስ የገባችሁ ልጆች አታውቁ ይሆናል። ልጄ መዝገቡ እዚህ ሥጋ ጫኝ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰኞ ቀን፣ ሁላችንም ለስብሰባ ተጠራን። ቁልፍ ያዡ አብደላ በረዶ ቤቱን ከመቀርቀሩ በፊት እንደ ደንባችን «ሰው አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ተጣርቷል፤ የሰሙት ነግረውኛል። ግን ድምፅ ማጉያው ግቢውን ሞልቶት ነበር። ውስጥ የቀረውን የልጄን መልስ ማን ይስማው?

እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ነጠላዬን አጠገቤ አንጥፌ ቦታ ይዤለት ነበር። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ።

አብደላ ወንድሜ፣ ቀና በል። ከዚያ ቀን ወዲህ ባየኸኝ ቁጥር መንገድ ትቀይራለህ። አንተ ደንቡን ጠብቀሃል። ደንቡ ነው ያልበቃው። ሰው ይረሳል፣ ጆሮም አይሰማም። በር ግን ከውስጥ ከተከፈተ የማንንም ጆሮ አይለምንም።

ኮሚቴው ሁለት ለሁለት ተከፍሎ የቀረው የእኔ ድምፅ ነው። ትናንት ጓድ መኩሪያ ቢሯቸው አስጠርተው፣ «አሰገደች፣ ነገ እንሸኝሻለን። በሰላም ፈርመሽ ብትሄጂ ምን አለበት?» አሉኝ።

ፈርሜያለሁ። ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ በሁለተኛው ላይ። ጸሐፊያችን ፀሐይወርቅ ሰዓቱን ጽፋበታለች። ጡረታ የወጣች ሴት ድምፅ አይቆጠርም የሚል ካለ፣ ደብዳቤዬ ጡረታዬ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ነው ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው፣ ጓድ መኩሪያ።

ወረቀቱ ይኸው። ቢሮ ለቢሮ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ሁሉ ሰው ፊት የምሰጥዎ። በዓሉ ያለ አዲስ ማቀዝቀዣ ቢያልፍ ተቆጡኝ፤ የምገኝበትን ታውቃላችሁ፣ ለቡ ነኝ። የሚመጣብኝንም እቀበላለሁ። ከመጣብኝ የሚብስ አይመጣም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ ተነሡልኝ።

እጃችሁ አይዛል። እንጀራችሁ አይጉደል። የምትገቡበት በር ሁሉ መውጫ ይኑረው። የጠራችሁት ይስማችሁ፤ ስትጣሩም የሚሰማ አትጡ። የጓድ መኩሪያንም ልጆች በወጡበት አያስቀርባቸው።

ቦታ የያዛችሁለት ሰው ሁሉ ይምጣላችሁ።