የፍልሰታው ዓሣ

ስሙኝማ! ከምንኖርበት ከስቶን ማውንቴን ቤተሰቤን በመኪና ጭኜ፣ ለቫኬሽን ሐይቅ ዳር ካቢን የሚሏትን የእንጨት ቤት ተከራየን። አማቴም አብረውን ነበሩ። ዓሣ አጥምጄ ባላውቅም ላስደንቃቸው ብዬ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰኝ ውዬ፣ አንድ ወፍራም ዓሣ በባልዲ ይዤ ከተፍ አልኩ። አማቴ ጎንበስ ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ፍልሰታ መሆኑን ረሳኸው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ዓሣ እኮ በጾም ይበላል!»

«እኔ ባለሁበት አይበላም።»

ታግዘኝ እንደሆነ ብዬ ሚስቴን ባያት፣ ሽሮዋን ማማሰሏን ቀጠለች። ቢያንስ ፎቶ ላንሳው ብዬ ካሜራዬ ውስጥ ፊልም እስካስገባ፣ አማቴ ባልዲውን ወስደው ሐይቁ ውስጥ ገለበጡት። ፊቴ ሲጠቁር አይተው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉና፣ «አይዞህ፣ ጾሙ ሲፈታ ተመልሰን እንይዘዋለን፤ እኔ መልኩን ይዤዋለሁ» አሉኝ።