ባሕሩ ሲሸሽ የሚደፋ ባልዲ

በዚያ ኅዳር፣ በደቡብ ኮሪያ ጠረፍ ባለው ባሕረ ሰላጤያችን ስልሳ ሦስት የዓሣና የኦይስተር ጀልባዎች ይሠሩ ነበር። መጸዳጃ ያለው አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ባልዲ ይዘዋል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ከዳርቻው ይሸሻል፣ ተመልሶም ይሞላል፤ ባልዲው የሚደፋው ሲሸሽ ብቻ ነው፤ ሲሞላ የደፋ ሰው በመንደሩ ይነወራል። እኔ የባሕሩን ውኃ መርማሪ ነበርሁ፤ በመቶ ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ከዓይነ ምድር የመጡ ሃምሳ ሁለት ጀርሞች ቆጠርሁ። ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ በጥሬው የሚበላ ስለሆነ ሕጉ የሚፈቅደው እስከ ዐሥራ አራት ነው። ስለዚህ ሽያጩ ታገደ።

ዶ ፒልጎንን ያገኘኋቸው ወደቡ ላይ የውኃ ጠርሙሶቼን ስደረድር ነው። አርባ ዓመት ኦይስተር በገመድ አንጠልጥለው አርብተዋል። እገዳው እስከ መጋቢት ካልተነሣ የዓመቱ ምርታቸው ይጣላል። ልጃቸው ሄሱን አብራቸው ነበረች።

«ልጄ፣ ጠርሙስህን ወጣ ብለህ ከጥልቁ ብትሞላው ምን አለበት?» አሉኝ።

«ጥልቁ ውስጥ የእርስዎ ኦይስተር የለም፣ አባባ።»

«እኔ እኮ ሲሞላ ደፍቼ አላውቅም። ሲሸሽ ነው የምደፋው። የሸሸ ሄደ።»

ሄሱን ሳቀች። «የሄደው የት እንደሚያድር ጠይቀኸው ታውቃለህ፣ አባዬ?»

ሽማግሌውን ለመናቅ አልቻልሁም። ሰዓት ጠብቆ መድፋት ለእርሳቸው ጨዋነት ነበር፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ጨዋነት ነው። ስለዚህ ክርክሩን ትቼ እንፈትነው አልኋቸው።

በማግሥቱ፣ ሁሉም በሚደፋበት ሰዓት፣ ቀይ ቀለም የቀባናቸውን ሠላሳ መንደሪኖች ከጀልባቸው ጣልን። ባሕሩ ሸሸ። ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲሞላ፣ የባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ያሉት ደሴቶች ውኃውን መልሰውት፣ ዐሥራ ዘጠኙ ተመለሱ። ሰባቱ በሽማግሌው በራሳቸው ገመዶች መካከል ነበሩ። አንዱን አነሡና በእጅጌያቸው ጠረጉት።

«አርባ ዓመት በራሴ ገመድ ላይ ነው የደፋሁት?» አሉ። ደግሞም፣ «በጥሬው ለሰው አበላሁት» አሉ።

ኦይስተር የሚመገበው ውኃ እያጣራ ስለሆነ ጀርሙን በሥጋው እንደሚያከማች፣ ቀዝቃዛ ባሕርም ጀርሙን ቶሎ እንደማይገድል አስረዳኋቸው። ክዳን ያለው ዕቃ ተይዞ የብስ ላይ ቢደፋ ውኃው ይጠራል፤ በላተኛው ከተቅማጥና ከትውከት ይድናል፤ ገበያውም ይከፈታል። አንድ ጀልባ ብቻውን ግን ምንም አይለውጥም።

በዚያ የብርድ ወራት ሽማግሌው ባለክዳን ዕቃቸውን ይዘው ከጀልባ ጀልባ እየዞሩ ለመኑ። አንዳንዱ ሻይ ጋብዞ ሸኛቸው። አንዱ፣ «ፒልጎን የገዛ ጉዱን ተሸክሞ ይዞራል» ብሎ አሳቀባቸው። እርሳቸውም፣ «የአንተንም እኮ በገመዴ ተሸክሜልሃለሁ» አሉት። ሃያ ሁለት ጀልባዎች እሺ አሉ። አርባ አንዱ እንደ ወትሮው በጨዋነት ባሕሩ እስኪሸሽ ይጠብቃሉ።

መጋቢት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ፒልጎንና ሄሱን ገመዶቹን እያወጡ ምርቱን ለመጣል ሲጭኑ፣ እዚያው አጠገባቸው ጠርሙሴን ሞላሁ። ቁጥሩ ከሃምሳ ሁለት ወርዶ ሠላሳ አንድ ነበር።