ሻጋታውና የእማማ ኛቹኦል እጅ

ያ ዝናብ ካስተም ገበያ ውስጥ አንድ ጣሪያ ሥር ባያስጠልለን ኖሮ ከክሪስቲን ጋር ባልተገናኘን ነበር። የጎረቤቴ የእማማ ኛቹኦል የልጅ ልጅ ናት። አያቷ ከስደት ሲመለሱ እሷ ጋምቤላ ቀርታ የጤና ትምህርቷን ጨርሳ ገና ጁባ መግባቷ ነው። ሲያባራ አብረን ወደ ሰፈራችን ወደ ኮር ዊሊያም አቀናን።

እኔ ሁልጊዜ ክፉውን አስቀድሜ የማይ ሴት ነኝ። ቢሮ ስውል ልቤ የሚያርፈው ልጄን ቢታንያን እማማ ኛቹኦል ስለሚይዙልኝ ብቻ ነው።

ስንደርስ እማማ ከእርጥብ ጆንያ ኦቾሎኒ እያወጡ ይፈለፍላሉ። ቢታንያ ከጉልበታቸው ሥር ተቀምጣ ዳቦዋን ዳኩዋ እያስነካች ትበላለች፤ ዳኩዋ የሚሉት ተቆልቶ ቅቤ እስኪመስል የተወቀጠ ኦቾሎኒ ነው፤ ያም ከዚያው ጆንያ የወጣ ነው።

ክሪስቲን አያቷን ስማ ከጆንያው አንድ ፍሬ አነሳችና ሰብራ አሸተተችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሻግቷል።»

«እና? ትምህርት ቤት የላክንሽ ኦቾሎኒ ልታሸቺ ነው?»

«ይህን ሻጋታ አብዝቶ የበላ ሰው ጉበቱ ይጎዳል። ዓመት በዓመት ከተደጋገመ ካንሰር ያመጣል።»

ካንሰር የሚለውን ቃል ስሰማ ልጄን በሐሳቤ ሆስፒታል አስተኛኋት። ሳላስበው ዳቦውን ከእጇ ነጠቅሁ። ቢታንያ አለቀሰች።

እማማ እጄን አይተው ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺ! እኔ ለልጅሽ መርዝ የማበላ መሰለሽ?»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎን አይደለም...»

«ቆልቼዋለሁ! ሻጋታን እሳት ይገድለዋል።»

«ሻጋታውንስ ይገድለዋል» አለች ክሪስቲን ቀስ ብላ፤ «ትቶት የሚሄደውን መርዝ ግን እሳት አይጨርሰውም። መቁላትም መቀቀልም አይበቃውም።»

«ስደት ላይ፣ ኢታንግ ካምፕ ማን መርጦ በላ? እናትሽ ስትሞት አንቺን ያሳደግሁሽ በዚሁ ነው። እህል የሚጥል እጅ እግዜር አይወደውም!»

ከሞት ያተረፈህ ነገር ይገድልሃል ቢሉት ማን በቀላሉ ያምናል? እኔ ግን ሌላ ጭንቅ ነበረብኝ። እሳቸው እንቢ ካሉ ልጄን ነገ ወደዚህ አላመጣትም፤ ካላመጣኋት ደግሞ የሴትዮዋ ልብ ይሰበራል። በዚያ ቤት ከቢታንያ ሌላ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ክሪስቲን መሬት ተቀምጣ የአያቷን እጅ ያዘች። «እማዬ፣ ያኔ ልክ ነበርሽ። ያልበላ ሰው ነገን አያይም ነበር። መጥፎውንም ባታበዪኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ አልከራከርሽም ነበር። አሁን ግን ነገን የምናይ ሰዎች ሆነናል። ማሰብ ያለብን ከዚያ ወዲያ ላለው ዓመት ነው።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከእጇ ሳያላቅቁ ወደ ቢታንያ ዞሩ።

«የበላችውስ? ልጅቷ ትታመማለች?»

እኔም ልጠይቅ የፈራሁት ይህንኑ ነበር።

«የሚያሳምመው አንድ ሁለት ጊዜ መቅመስ አይደለም፤ ዕለት ዕለት መብላት ነው። ከዛሬ ብትተዉት ብዙ ነው» አለች ክሪስቲን።

«ኻላስ፣ በቃ! ለዶሮዎቹ እሰጠዋለሁ።»

«ለእነሱም አይሆንም።»

«ለአይጥስ?»

ሦስታችንም ሳቅን፤ ቢታንያም ሳይገባት ተከተለችን። እማማ ራሳቸው ጉድጓድ ቆፍረው የሻገተውን ቀበሩት። አፈሩን ሲመልሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይቅርታ የሚለምኑት እህሉን ይሁን እግዜርን አልጠየቅሁም።

«የትምባሆ ፒፓዬን ግን እንዳትነኪብኝ!» አሉ ተመልሰው።

«እሱ ለነገ ተቀጥሯል» አለች ክሪስቲን።

እንዲህ ነው፤ ክፉ በሽታ ሁሉ ከሰው አቅም በላይ አይደለም። ኦቾሎኒና በቆሎን በፀሐይ በደንብ ማድረቅ፣ ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የተጨማደደውንና የጠቆረውን ለይቶ መጣል ሀብት አይጠይቅም። ትምባሆና አረቄን መተው፣ ማዕዱ ላይ አትክልት መጨመርም እንደዚያው። ይህን የሚያደርግ ሰው አይታመምም አልልም፤ ለበሽታው ግን በሩን ከፍቶ አይጠብቅም። እኔ ክፉውን ስጠብቅ ኖሬ መጠበቅና መጠንቀቅ የተለያዩ መሆናቸው የገባኝ ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ቢታንያን እንደ ወትሮው አደረስኋት። እማማ አዲስ የገዙትን ኦቾሎኒ ፀሐይ ላይ ዘርግተው ጭናቸውን መታ መታ አደረጉላት። ልጄ ሮጣ ሄዳ ተቀመጠች፤ አንዲት ፍሬ አንስታም ወደ ዓይናቸው አስጠጋች።

«ይቺስ እማማ?»

እማማ ፍሬዋን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩና «ይቺ ጤነኛ ናት፣ ብዪያት» አሉ። እኔም ወደ ኋላ ሳላይ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።