የቀለጠው ጎራዴ

ሁለት ጎረምሶች ታክሲ ውስጥ ከመስኮቱ ዳር አስነስተው መሀላቸው አስቀመጡኝ፤ እነሱ ተኳርፈው ጎን ለጎን መቀመጥ ስለጠሉ የተበደልኩት እኔ ነኝ። ከብስራተ ገብርኤል ጀምሮ ደረቴ ላይ ተጨቃጨቁ። ጠቡ ጌም ቤት በቴሌቪዥን ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

«ክረምቱን ሙሉ ያጠነከርኩትን ጎራዴ አቀለጥከው!» አለ በግራዬ ያለው ረጅሙ።

«ጨዋታው ውስጥ ያለው አንጥረኛ ጋ የወሰድኩት የበለጠ ላጠነክርልህ ነበር» አለ በቀኜ ያለው ባለ ኮፍያ።

«አሁን ዘንዶውን በምን ልግጠመው? በማንኪያ?»

«ጥሩርህ አለ። መድኃኒቱም አለ።»

«በመድኃኒት ልውጋው? ይባስ ብለህ ሴቭ አደረግከው፤ መመለሻ የለውም!»

«አንጥረኛው በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት።»

«ምን ብሎ ጠየቀህ?»

ባለ ኮፍያው ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበ።

«ንገረኛ! የአክስቴን ለቅሶ ልደርስ ስሄድ አደራ ያልኩህ እንግሊዝኛ እችላለሁ ስላልከኝ አይደለም?»

«አንዷን ቃል አላወቅኳትም።»

«ታዲያ ካላወቅካት ሰው አትጠይቅም? ለምን አዎ ትላለህ?»

«የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ እያየኝ፣ አላውቃትም ልበል?»

ረጅሙ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱን። ይሄ ምክንያት ነው?»

ፊደል ሳልቆጥር፣ ምን ይላል ብዬም ሳልጠይቅ አውራ ጣቴን ያሳረፍኩባቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያሰብኩ፣ መካኒሳ መውረጃዬን አልፌ ለቡ ደረስኩ።