የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ማን በላው?

በእኛ ጊዜ ስል አትሳቁ፣ አርጅቼ አይደለም፤ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ማለቴ ነው። እና እዚያው ሱዳን፣ ባሕሪ ሰፈር ያለችው አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳዋ ተሰነጣጠቀ። የድሮ ጭቃ ናት እኮ። ታዲያ አንድ ሱዳናዊ መሐንዲስ መጣ፣ «ባሽመሐንዲስ» ነው የምንለው፣ ግድግዳውን እንደ ሐኪም መታ መታ አደረገና፣ «ሲሚንቶ ሐራም! ጭቃ የሚጠገነው በጭቃ ነው። ኸሪፍ፣ ክረምቱ ሳይገባ ካልተለሰነ ደግሞ ዝናቡ ይጥለዋል፣ ኸላስ!» አለን።

ታዲያ ሠራተኞቹ ይለስናሉ፣ በማግስቱ ጎድጓዳ። ይለስናሉ፣ ጎድጓዳ። «ፍየል ነው የሚልሰው» አለ ባሽመሐንዲስ። እና እኔን ዘበኛ አደረገኝ፤ ድምፄን ታውቁት የለ፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ ይሰማል።

ታዲያ ከቅዳሴ በኋላ ተደብቄ ሳይ፣ ፍየሏ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ጎረቤቴ ዘነቡ! ግድግዳውን ተሳለመች፣ ተሳለመችና በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠር!

«አንቺ ዘነቡ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ዝም በይ እቴ፣ እምነት ነው። በጠበል በጥብጬ ጉልበቴን እቀባዋለሁ።»

ከኋላዋ ሳይ፣ ሰልፍ! ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከጀብራ ድረስ በሪክሻ ባጃጅ የመጣች አለች!

«ኧረ የአህያ ፋንድያ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ውሸቴን አይደለም፤ የሱዳን ልስን እኮ ፋንድያና ጭቃ አብሮ ሲብላላ የከረመ ነው፣ ሽታው ራሱ ይናገራል።

ዘነቡ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ ጌታ የተወለደው የት ነው? በረት አይደል? ወይስ ካፉሪ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ቪላ ውስጥ?»

በማግስቱ ሰልፉ እጥፍ ሆነ። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል፣ ባሽመሐንዲስ ራሱን ይዞ፣ «ያ ጀማዓ፣ ዝናቡ ሳይደርስ እናንተ ልትጥሉት ነው!» ይላል።

እና እኔ የተረፈውን ጭቃ በሩ አጠገብ አስከመርኩና፣ «ሴቶች! ይሄም ከዚያው ገንዳ ነው፣ አንድ ቡኮ! ግድግዳውን ተሳለሙ፣ ከዚህ ውሰዱ! ያላ!» አልኩ። ቄሱም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው «ደግ ብላለች» አሉ። ሴቱ ወደ ክምሩ ግር! ግድግዳው ደረቀ፣ ዝናቡ መጣ፣ ቀጠቀጠው፣ ፍንክች የለም!

ባሽመሐንዲስ መጥቶ ግድግዳውን ዳበሰና «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አለ። ታዲያ ሄደ ስል ክምሩ ጋ ቆመ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ መሐረቡን አወጣ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ለወገብም ይሆናል?»

ራሱ ያቦካውን እኮ ነው! ካካካ!

«ታዲያ እትዬ፣ ሰጠሽው?» ትሉኛላችሁ።

እኔማ በሳቅ ወድቄያለሁ። ዘነቡ ናት ከኋላው፣ «ወንድሜ፣ ሰልፍ አለ!» ያለችው።